የ1913ቱ የኤርፉርት ሳንጃና የደረቀው ሰገባው፦ ልለውጥለት ወይስ እንዳለ ልተወው?

የአሮጌ ብረት ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐምቡርግ ሲሆን፣ የጀርመን ጦር ጥንታዊ ሳንጃዎችን መሰብሰብ ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር በአንድ የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አንድ 98/05 ሳንጃ (ለ1898ቱ ጠመንጃ በ1905 የወጣውን ዓይነት) ከነቆዳ ሰገባው አግኝቼ ገዛሁ። ስለቱ እንደምታውቁት ከእጀታው ጠበብ ብሎ ተነሥቶ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄደው፣ በዚህም ምክንያት ሰብሳቢዎች «የሥጋ ቆራጭ ቢላዋ» የሚሉት ዓይነት ነው። በደንደሱ ላይ ዘውድ፣ ከሥሩ ደብልዩ የሚለው የላቲን ፊደልና 13 የሚል ቁጥር ይታያል። በስለቱ ሥር ደግሞ ዘውድና ኤርፉርት የሚል የፋብሪካ ስም አለ። በስለቱና በእጀታው መካከል ባለው መስቀለኛ ብረት ላይ «9.ፒ.2.87.» የሚል ምት አለበት፤ ፊደሉን በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ።

ችግሬ ሰገባው ላይ ነው። ቆዳው ደርቆ ተኮማትሯል፤ ሳንጃውን ስከተው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይገባ ይቀራል። ሻጩ ይህን ሲያይ፣ «ይህን ጣለውና በሚቀጥለው እሑድ ና፤ ንጹሕ የብረት ሰገባ በርካሽ እሰጥሃለሁ» አለኝ። የብረቱን ሰገባ አይቼዋለሁ፤ በእርግጥም ያማረ ነው፤ ሳንጃዬም ልክ ይገባበታል። ነገር ግን እጄን አንድ ነገር ያዘኝ። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ? የቆዳውን ሰገባ በውኃ ነክሮ ማለስለስ ይቻላል የሚል ምክርም ከአንድ ጎረቤቴ ሰምቻለሁ።

ቆዳና ሰም

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ቆዳውን ውኃ አያስነኩት። እኔ በሙያዬ የቆዳ ዕቃዎችን የምጠግን ሴት ነኝ፤ በእጄ ካለፉት የተበላሹ ሰገባዎች መካከል ብዙዎቹ የተበላሹት በጦርነቱ ሳይሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ «ላለስልሰው» ባለ ሰው እጅ ነው። በዕፅ ቅርፊት የለፋ አሮጌ ቆዳ ውኃ ሲነካውና ሲደርቅ ይበልጥ ይኮማተራል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ቀንድ ይጠጥራል። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ስፌቱም ከጀርባው ስለሆነ፣ ሳንጃውን በኃይል ሲገፉት መጀመሪያ የሚፈታው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ፣ ሳንጃውን በሰገባው ውስጥ አያኑሩት የሚል ነው። ቆዳው የለፋበት አሲድና ባለፉት መቶ ዓመታት የጠጣው እርጥበትና ጨው ከውስጥ ሆነው ብረቱን ይበሉታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተው በአንድ ሳጥን ውስጥ ያኑሯቸው፤ አብረው መሆናቸው እንዲታወቅ በአንድ ክር የተያያዘ ትንሽ የወረቀት ምልክት ለሁለቱም ያድርጉላቸው። ለቆዳው ለስላሳ ብሩሽ ብቻ በቂው ነው፤ ዱቄት መሰል ቀይ ነገር እየረገፈለት ከሆነ ይጻፉልኝ፤ ለዚያ ሌላ አያያዝ አለው። የጫማ ቀለም፣ የምግብ ዘይት፣ ቅቤ፣ እነዚህን ሁሉ ከአጠገቡ ያርቁ። ቅቤን የጠቀስሁት በቀልድ አይደለም፤ በአገራችን ጋሻና ኮርቻ በቅቤ ሲታሽ ያየ ሰው ቆዳ ሁሉ ቅቤ የሚወድ ይመስለዋል፤ በየዕለቱ አገልግሎት ላይ ያለ ቆዳና መቶ ዓመት የሞላው የደረቀ ቆዳ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደንደስ

ሰላም ለእርስዎ፣ የአሮጌ ብረት ወዳጅ። የሰገባውን አያያዝ እኅታችን በደንብ ስለተናገሩ፣ እኔ ሳይነበብ ወዳለፈው ነገር ልሂድ። በመስቀለኛው ብረት ላይ ያለው ምት ተራ ቁጥር አይደለም። የፕሩሲያ ጦር መሣሪያውን ሁሉ ለየክፍሉ ምልክት የሚያደርግበት የጽሑፍ መመሪያ ነበረው። በዚያ መሠረት ሲነበብ የእርስዎ ሳንጃ የ9ኛው የመሐንዲስ ሻለቃ፣ የ2ኛው ሻምበል፣ 87ኛው መሣሪያ ነው። መካከል ላይ ያለው ፊደል ጀርመኖች ፒዮኒር የሚሉትን የመሐንዲስ ጦር የሚያመለክት ነው።

አሁን ደግሞ ልብዎን ደስ የሚያሰኘውን ልንገርዎ። 9ኛው የመሐንዲስ ሻለቃ የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ሻለቃ ሲሆን፣ ሰፈሩ ሐርቡርግ ነበር። ሐርቡርግ ዛሬ የሐምቡርግ አንዱ ክፍል ነው። እርስዎ ሐምቡርግ ውስጥ ገዝተውት ከሆነ፣ ሳንጃው ከታደለበት ሰፈር ብዙም አልራቀም ማለት ነው።

በ1913 (ሁሉም ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመሐንዲስ ጦር ይህን ዓይነት ሳንጃ መያዙ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። እግረኛው ከ1898ቱ ጠመንጃ ጋር የወጣውን፣ ስለቱ ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነውን ረጅምና ቀጭን ሳንጃ ይዞ ነበር። ያ ሳንጃ በሰልፍ ላይ ያምራል፤ ሆኖም ከመውጋት በቀር ለሌላ ሥራ ብዙም አይመችም፤ በቀላሉም ይሰበር ነበር። 98/05 የተባለው ግን ስለቱ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወፍራምና ሰፊ ስለነበረ፣ ቅርንጫፍ ለመጨፍጨፍና እንጨት ለመፍለጥ የሚሆን የሥራ መሣሪያ ጭምር ነበር። ለዚህም ነው መጀመሪያ እንደ መሐንዲስ ጦርና መድፈኛ ላሉ ክፍሎች የተሰጠው። ለእግረኛው በብዛት የተዳረሰው አንደኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ በመስቀለኛው ብረት ላይ፣ ጠመንጃው በሚያርፍበት በኩል ወደ ላይ የቆሙ ሁለት አጫጭር «ጆሮዎች» አሉ ወይስ ተቆርጠው የተሞረዱ ይመስላሉ? ሁለተኛ፣ በእጀታው ጀርባ እንጨቱን የሚሸፍን ቀጭን የብረት ቆርቆሮ አለ? ሦስተኛና ዋናው፣ የሰገባውን የአፍ ብረት በማጉያ መነጽር አይተውታል?

የአሮጌ ብረት ወዳጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁለታችሁም። ሐርቡርግ የሚለውን ሳነብ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። በየቀኑ ለሥራ የምሳፈረው ባቡር በዚያ ያልፋል።

ጆሮዎቹ የሉም፤ በነበሩበት ቦታ ግን የሞረድ ጭረት በግልጽ ይታያል። ቆርቆሮው አለ፤ እንጨቱም ቆርቆሮው እንዲቀመጥበት ጠርዙ ተፍቆለታል። የሰገባው የአፍ ብረት ጥቁር ሆኖ የቆሸሸ ስለሆነ ምንም አይታየኝም።

ደንደስ

እንግዲያውስ የሳንጃውን ዕድሜ በሦስት ምዕራፍ ማንበብ ጀምረናል። በ1913 ሲሠራ ባለ ጆሮ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ጆሮዎቹ አላስፈላጊ ተብለው በአዲሶቹ ላይ መሠራታቸው ቀረ፤ የቀደሙትም ለጥገና ሲገቡ ተቆረጡ። ቆርቆሮውም እንዲሁ በጦርነቱ ዘመን የተጨመረ ነው፤ ሳንጃው በአፈሙዙ ሥር እንደ ተሰካ ሲተኮስ የሚወጣው እሳት የእጀታውን እንጨት እንዳያቃጥለው የተደረገ መከላከያ ነው። እንግዲህ ይህ ሳንጃ ከተሠራ በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ጦር መሣሪያ ጥገና ቤት ተመልሷል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው የተሞረደ ጆሮ ሲያይ «የተበላሸ ነው» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ካልተነካው ይልቅ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሥራ ላይ እንደነበረ በራሱ አካል ይመሰክራል።

የአፍ ብረቱን በደረቅ ጨርቅና በቀላል የማሽን ዘይት ብቻ ቀስ ብለው ይጥረጉት። አሸዋ ወረቀት አይንኩ። የሞተር ብሩሽማ በፍጹም።

ሰሜን ቨርጂኒያ

ይህን ውይይት በጉጉት እየተከታተልሁ ነው። እኔ ያለሁት አሜሪካ ሲሆን፣ በመሣሪያ ትርኢቶች ላይ እየዞርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሰብስቤያለሁ፤ የምናገረው ግን ከላይ ከተባለው ትንሽ የተለየ ሊሆን ይችላል።

በእኔ ልምድ፣ በጠረጴዛ ላይ ከሚቀርቡት የጀርመን ሳንጃዎች ውስጥ ሰገባውና ሳንጃው ከመጀመሪያው አብረው የነበሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁለቱም ጦርነቶች ሲያበቁ እጅ የሰጠው ወታደር መሣሪያውን በክምር ላይ ጥሎ ሄደ። ከክምሩ ያነሣው የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ወታደር ለመታሰቢያ የመረጠው ያማረውን ሳንጃና ያማረውን ሰገባ እንጂ የተዛመደውን ቁጥር አልነበረም። ከዚያም በፊት በጦር ሜዳ፣ በጥገና ቤትና በመጋዘን ስንት ጊዜ ተለዋውጠዋል! በዚህ ላይ የሌሎች አገሮች ጦሮች የጀርመንን ሳንጃ ተረክበው ለራሳቸው አድሰውታል፤ ለኦቶማን መንግሥት የተሰጡትም ጥቂት አይደሉም፤ በእነርሱ ላይ የጨረቃ ምልክት ይገኛል።

ስለዚህ የብረት ሰገባ መግዛትን እንደ ኃጢአት መቁጠር አይገባም ባይ ነኝ። 98/05 በቆዳም በብረትም ሰገባ ተይዟል፤ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ብረቱ ቆዳውን እየተካው መጥቷል፤ በጭቃና በዝናብ ጉድጓድ ውስጥ ለሚኖር ወታደር ቆዳ አይሆነውምና። ዘመኑን የጠበቀ ሰገባ ለሳንጃው ማግኘት፣ ሳንጃውን ራቁቱን ከማኖር ይሻላል።

ደንደስ

የተከበሩ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስለ ክምሩ ያሉት እውነት ነው፤ ድምዳሜው ላይ ግን አልስማማም። አብረው የቆዩት ጥቂቶች መሆናቸው፣ የተረፉትን ጥቂቶች አብዝተን እንድንጠብቅ ያስገድደናል እንጂ እንድንበትናቸው ፈቃድ አይሰጠንም። ሰገባ ለሳንጃ ልብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ያሉት ያስኬድ ነበር። ነገር ግን ሰገባውም ሠሪ አለው፣ ዓመት አለው፣ የመርማሪ ምልክት አለው፣ የክፍል ቁጥር አለው። አንድ ሰው ሁለት የማይተዋወቁ ዕቃዎችን አገጣጥሞ ለሦስተኛ ሰው «ከነሰገባው» ብሎ ሲሸጥ፣ ያ ሦስተኛ ሰው በቅን ልቡና የሐሰት ታሪክ ይዞ ይቀራል። ልጁ ሲወርሰው ደግሞ የሐሰቱ ታሪክ የቤተ ሰብ ታሪክ ይሆናል።

በ1935 ለወጣው አጭር ጠመንጃ የተሠራው 84/98 ሳንጃ ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል። በዚያ ሳንጃ ስለቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በስለቱ ሥርና በብረት ሰገባው አፍ አጠገብ ተራ ቁጥር ተመትቷል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሲመሳሰሉ ዋጋው ከፍ ይላል። ታዲያ ዋጋው ከፍ ስለሚል፣ የሰገባውን ቁጥር ፍቀው ሌላ የሚመቱ ሰዎች ተነሥተዋል። እኔ ራሴ ገና ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለውን በሙሉ ዋጋ ገዝቼ፣ ከዓመት በኋላ በጎን ብርሃን ሳየው ከአዲሱ ቁጥር ሥር የአሮጌው ጥላ ተገለጠልኝ። የሸጠልኝ ሰው ያውቅ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የእጅ ባትሪ ሳልይዝ ገበያ ወጥቼ አላውቅም።

ሰሜን ቨርጂኒያ

ተቀብያለሁ። የእኔ ነጥብ ሳይነገር ይገጣጠም የሚል አልነበረም። እኔ የማይዛመደውን ሰገባ ስጨምር በውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አኖርበታለሁ፦ መቼ፣ ከየት፣ ከየትኛው ሳንጃ ጋር እንዳገናኘሁት። ወረቀቱ ግን ሊወድቅ እንደሚችል አልክድም።

የቁጥሩን መፋቅ ለመለየት አንድ ነገር ልጨምር። በ84/98 ሰገባ ላይ የአፉን የውስጥ ብረት ይዞ የሚያቆመው አንድ ትንሽ ብሎን ከጎኑ አለ። የዚያ ብሎን መፍቻ ስንጥቅ ተበልቶና ተቦጭቆ ካዩት፣ አንድ ሰው ሰገባውን ፈትቶታል ማለት ነው። ፈትቶት ሊያጸዳው ይችላል፤ ነገር ግን ለምን እንደ ተፈታ ሻጩን መጠየቅ ይገባል። እንዲሁም በሰገባው ላይ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በቁጥሩ ጎድጓዳ ውስጥ ከሌላው ቦታ ይልቅ የደመቀ ወይም የፈዘዘ ከሆነ መጠርጠር ነው።

ገና ጀማሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ገና መማር ላይ ነኝ። ሦስት ነገሮች ልጠይቅ። ደብልዩ ከዘውድ ጋር ሁልጊዜ ፕሩሲያ ማለት ነው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳንጃዎች ላይ የፋብሪካ ስም ለምን አይገኝም? በስለቱ ጎን ያለው ቦይስ እንደሚባለው ደም እንዲፈስበት ነው?

ደንደስ

ጥያቄዎ ሁሉ የሚገባ ነው። ከመጨረሻው ልጀምር፦ ቦዩ ለደም አይደለም። ብረቱ ሳይዳከም ክብደቱ እንዲቀንስ የሚደረግ ነው።

ዘውድና ደብልዩ በአብዛኛው የፕሩሲያው ንጉሥ የቪልሄልም ምልክት ነው። ሆኖም የቩርተምበርግም ንጉሥ እስከ 1918 ድረስ ቪልሄልም ይባል ስለነበረ፣ ፊደሉን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም፤ የክፍሉን ምልክትና የመርማሪውን ማኅተም ጨምሮ ማየት ያስፈልጋል። የባቫሪያው ሉድቪግ በኤል፣ የሳክሶኒው ፍሪድሪኽ አውጉስት በኤፍና በኤ ይታወቃሉ። ከሥሩ ያለው ሁለት አሐዝ ዓመቱን ያመለክታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ጀርመን በዚያን ዘመን አንድ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ብትሆንም፣ እነዚህ መንግሥታት መሣሪያቸውን በየራሳቸው ንጉሥ ስም ይረከቡ እንደነበረ ነው፤ ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ በሳንጃ ደንደስ ላይ ማየት ለእኔ የበለጠ ይገባኛል።

የፋብሪካ ስም የጠፋው በምሥጢር ጥበቃ ምክንያት ነው። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ጀርመን የጦር ኃይሏን ከገደበው ከቬርሳይ ውል ውጭ ጦሯን ስታስታጥቅ፣ ማን ምን ያህል እንደሚያመርት እንዳይታወቅ በመጀመሪያ የቁጥር መለያ ተሰጠ፤ በመካከል ለጥቂት ዓመታት ስም ተመልሶ ታየ፤ ከ1940 ወዲህ ደግሞ በትንንሽ የላቲን ፊደላት የተጻፈ መለያ ተተካ። ለምሳሌ ሲ፣ ኦ፣ ኤፍ የሚሉት ሦስት ፊደላት የዞሊንገኑ የካርል አይክሆርን ፋብሪካ ናቸው፤ ኤ፣ ኤስ፣ ደብልዩ የሄርስተር ፋብሪካ ናቸው፤ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ደግሞ በተያዘችው ቼኮስሎቫኪያ የነበረው የብርኖ ፋብሪካ ነው።

ዞሊንገንን ካነሣሁ ዘንድ፣ ጀርመን ያላችሁ ሁሉ በግሬፍራት ሰፈር በጥንት ገዳም ሕንፃ ውስጥ ያለውን የስለት ሙዚየም ሳታዩ አትቅሩ። ከተማይቱ በኅዳር 1944 በአየር ድብደባ ክፉኛ ወድማለች፤ የስለት ሥራዋ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም፤ ስሟን በቢላዋ ላይ መጻፍ የሚችለው በዚያ የተሠራ ብቻ እንዲሆን በሕግ ተጠብቆላታል።

የበጌምድር ልጅ

ከጉዳዩ ብዙ ሳልወጣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። የአያቴ ሳንጃ በቤታችን አለ። በቤተ ሰባችን «የጀርመን ሳንጃ» እየተባለ ነው የኖረው። ስለቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በአፈሙዝ ላይ የሚገባ ቀለበት አለው። የሚገርመኝ ግን፣ በጠመንጃ ላይ ሲሰካ የተሳለው ወገን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ አፈሙዙ በኩል ይዞራል። ሰገባው ብረት ነው። የትኛው ዓይነት ይሆን?

ሰሜን ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ የገለጹት ነገር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ ጀርመን ሳይሆን ቼኮስሎቫኪያ ነው። የ1924ቱ የቼክ ጠመንጃ ሳንጃ ስለቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቀለበት ያለው፣ ስለቱም ወደ ላይ የዞረ ነው፤ ይህ የስለቱ መገልበጥ ከሩቅ የሚያስታውቀው ምልክቱ ነው። የጀርመኑ 98 ጠመንጃ ሳንጃውን የሚይዘው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ረጅም ዘንግ ስለሆነ ቀለበት አያስፈልገውም፤ ከመደበኛዎቹ ሳንጃዎቹ በአንዱም ሙሉ ቀለበት አያገኙም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእጥረት ምክንያት ከነእጀታቸው ከብረት የተሠሩት የምትክ ሳንጃዎች ግን ከ98ቱ በፊት በነበረው በ1888ቱ ጠመንጃም እንዲያገለግሉ ሲባል ብዙዎቹ ቀለበት አላቸው፤ የእነዚያ ስለት ግን ወደ ላይ አይዞርም።

ኢትዮጵያ ከጣልያን ወረራ በፊት የማውዘር ዓይነት ጠመንጃዎችን ከቤልጅግና ከቼኮስሎቫኪያም ገዝታለች። ማውዘር የጀርመን ስም ስለሆነ፣ አያትዎ «የጀርመን» ማለታቸው ስሕተት ሊባል አይችልም፤ የጠመንጃው ሥርዐት በእርግጥም የጀርመን ነው። በስለቱ ሥር ሲ፣ ኤስ፣ ዜድ የሚሉ ፊደላት መኖራቸውን ይመልከቱ። ጀርመኖች በ1939 የቼክን መጋዘኖች በያዙ ጊዜ ይህንኑ ሳንጃ ወስደው ቀለበቱን እየቆረጡ ተጠቅመውበታል፤ የእርስዎ ቀለበቱ በቦታው ስላለ ያ ዕጣ አልደረሰበትም።

የበጌምድር ልጅ

ፊደላቱ አሉ! ሦስቱም፣ በግልጽ። ለእናቴ አሁኑኑ ደውዬ ነገርኋት። አያቴ ከማን እጅ እንዳገኙት የምታስታውሰውን ሁሉ በድምፅ እንድትቀዳልኝ ጠይቄያታለሁ።

ገና ጀማሪ

በአንድ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ደንደሱ የመጋዝ ጥርስ ያለው 98/05 አይቻለሁ። ዋጋው የተራው ሁለት እጥፍ ነው። ሻጩ «ቁስል እንዲያባብስ የተሠራ» ብሎ ጽፎበታል። ልግዛው?

ደንደስ

ሻጩ የጻፈው በጦርነቱ ጊዜ የጠላት ጋዜጦች የጻፉትን ነው። መጋዙ እንጨት ለመቁረጥ የተሠራ ነው፤ ምሽግ ለሚሠራና ድልድይ ለሚዘረጋ ወታደር የሚገባ መሣሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ወሬው በጣም ስለተስፋፋ፣ መጋዝ ያለው ሳንጃ ይዞ የተማረከ ሰው ክፉ ይደርስበታል የሚል ፍርሃት በወታደሮቹ ዘንድ ገባ፤ ጦርነቱም ሳያልቅ ጥርሶቹ እየተሞረዱ ብዙዎቹ ተራ ደንደስ ሆኑ። ዛሬ የተሞረደው ዓይነት ደንደሱ ከመደበኛው ጠበብ ብሎ ሲገኝ ይለያል።

ሳይሞረዱ የተረፉት ዋጋቸው ስለሚወደድ፣ በተራ ሳንጃ ላይ ዛሬ ጥርስ የሚያወጡ አሉ። እውነተኛው ጥርሱ በሁለት ረድፍ የቆመ ነው፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል እንደ ሸለቆ ያለ ክፍተት አለ። በጥርሶቹ ሥር ያለው ቀለምና ዝገት ከሌላው የስለቱ አካል ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሰገባውም ይመሰክራል፤ መጋዙ ደንደሱን ከፍ ስለሚያደርገው ሰገባው ጀርባው በዚያው ልክ ሰፋ ያለ ነው። መጋዝ ያለው ሳንጃ በተራ ጠባብ ሰገባ ውስጥ ተቀምጦ ከቀረበልዎ፣ ቢያንስ አንዱ ከሌላ ቦታ መጥቷል። የጨረታውን ሥዕል ከላይ በኩል የተነሣ ካለው ሻጩን ይጠይቁት፤ ከሌለው ይለፉት።

አወያይ

ለአዳዲስ አባላት ባጭሩ፦ በጀርመን አገር፣ ሳንጃ በሕግ የስለት መሣሪያ ስለሚባል ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ በአደባባይ ይዞ መሄድም ክልክል ስለሆነ በተዘጋ ሣጥን ወይም ሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁ አጓጉዙት። የናዚ ዘመን ምልክት ያለበትን ዕቃ ሥዕል ስትለጥፉ ምልክቱን ሸፍኑ። ወደ ሌላ አገር ለመላክ የምታስቡ ሰዎች የሁለቱንም አገር ጉምሩክ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቆዳና ሰም

ስለ ብረት ሰገባ ማንም ያላነሣው አንድ ነገር ልጨምር። የብረት ሰገባ ከውጭ ንጹሕ መስሎ በውስጡ ዝገት፣ አሸዋ፣ አንዳንድ ጊዜም የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል ይኖረዋል። ሳንጃው በገባና በወጣ ቁጥር ያ አሸዋ የስለቱን ጎን ይጭረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰገባውን አፉን ወደ ታች አድርገው በነጭ ጨርቅ ላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ የሚወጣውን አይጣሉት፤ ይዩት። በምትክ ሳንጃዎች ሰገባ ላይ ያለውን የጦርነቱን ግራጫ አረንጓዴ ቀለም «ቆሻሻ ነው» ብለው የሚልጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ያ ቀለም በ1915 እና በ1916 የተቀባ የራሱ ቀለም ነው፤ አንዴ ከተላጠ የሚመለስ አይደለም። ለብረቱ በጣም ስስ የሙዚየም ሰም በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። የነሐስ እጀታ ያለውን የ1871ዱን ሳንጃ የያዛችሁ ደግሞ እባካችሁ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጽና አታብለጭልጩት፤ በተወለወለ ቁጥር የክፍሉ ምት እየሳሳ ይሄዳል።

የአሮጌ ብረት ወዳጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የሰገባውን የአፍ ብረት እንደ ተባልሁት በጨርቅና በዘይት ለሦስት ምሽት ጥቂት ጥቂት ጠረግሁት። በሦስተኛው ምሽት ከመብራቱ ጎን አዘንብዬ ሳየው መጀመሪያ 9 ብቻ ታየኝ። ቀጥሎ 87። መካከሉ ዝገት በልቶታል፤ ነገር ግን ነጥቦቹና የፊደሉ ቀጥ ያለ እግር አለ። ያው ሳንጃ፣ ያው ሰገባ ነው። ሰባኪ አይደለሁም፤ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ያን የተኮማተረ ቆዳ ልጥለው አንድ እሑድ ነበር የቀረኝ። አሁን ሁለቱ በአሲድ አልባ ወረቀት ተጠቅልለው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ክሩም ታስሮላቸዋል።

እሑድ ዕለት ወደ ገበያው ሄድሁ፤ ሻጩም ቃሉን አክብሮ የብረቱን ሰገባ አምጥቶልኝ ነበር። እንደማልገዛው ነገርሁት፤ ፈቅዶልኝ ግን አፉን በማጉያ አየሁት። ምቱ ሳይነካ አለ፦ «76.አር.4.112.»።

ደንደስ

76ኛው እግረኛ ሬጂመንት፣ 4ኛ ሻምበል፣ 112ኛ መሣሪያ። አር የሚለው ፊደል እግረኛውን ሬጂመንት ያመለክታል። ይህም ክፍል የሐምቡርግ ነው፤ የጎረቤቱ የብሬመን 75ኛ ወንድም። በነሐሴ 1914 በ1ኛው የጀርመን ጦር ውስጥ ሆኖ በቤልጅግ አልፎ ወደ ፈረንሳይ ከወረዱት አንዱ ነበር።

እንኳንም ያን ሰገባ ከመሐንዲሱ ሳንጃ ጋር አላጋቧቸው። ሁለት የሐምቡርግ አካባቢ ታሪኮች በአንድ ቀን ይጠፉ ነበር።

ሰሜን ቨርጂኒያ

እኔም በዚህ ውይይት ምክንያት መሳቢያዎቼን አውጥቼ ሰገባዎቼን አንድ በአንድ ማንበብ ጀምሬያለሁ። እስከ አሁን ከዐሥራ አራቱ ሁለቱ ከሳንጃቸው ጋር አልተዋወቁም፤ እኔም ለዓመታት አላየሁትም። ዝርዝራቸውን ነገ እለጥፋለሁ።

የአሮጌ ብረት ወዳጅ

የብረቱን ሰገባ ሻጩ ለሁለት ወር እንዲያቆይልኝ ተስማምቷል። የ98/05 ሳንጃ ያላችሁ፣ በመስቀለኛው ብረት ላይ 76፣ አር፣ 4፣ 112 የሚል ካገኛችሁ፣ ሰገባው ሐምቡርግ አለ፤ በምገዛበት ዋጋ እሰጣችኋለሁ፤ የመላኪያውንም እኔ እችላለሁ።

ገና ጀማሪ

የእኔን አሁን አየሁት፤ 75 ነው የሚለው፤ የብሬመኑ። የእርስዎ ባይሆንም ቁጥሩን መዝግቤዋለሁ፤ በሚቀጥለው ገበያ ስወጣ ይዤው እዞራለሁ።